ለወሊድ ዱላ ልቅጠር ወይስ ይቅርብኝ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አሜሪካ ውስጥ ለመውለድ የምትዘጋጁ እህቶች ደጋግማችሁ የምታነሷቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፤ ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ዱላ ማናት? ሥራዋስ ምንድን ነው?

ዱላ ምጥ ላይ ከአጠገብሽ ሳትለይ የምታግዝሽ፣ ለዚሁ ሥራ የሠለጠነች ሴት ናት። (አዎ፣ ስሟ ከበትሩ ጋር አንድ ነው። ቀልዱን ሁላችንም ሰምተነዋል፣ እንለፈው።) ሐኪም አይደለችም። መርፌ አትወጋም፣ የደም ግፊት አትለካም፣ ማህፀንሽ ስንት ሴንቲሜትር እንደተከፈተ አትመረምርም፣ ልጁንም አታዋልድም።

ታዲያ ምን ታደርጋለች? አንዱን ብቻ ቀረብ ብለን እንየው። ልጁ ፊቱን ወደ ሆድሽ አዙሮ ሲወርድ ሕመሙ ወገብሽ ላይ ሊሰፍር ይችላል። ያኔ ዱላዋ ከኋላሽ ትሆንና ከመቀመጫሽ ከፍ ብሎ ያለው አጥንት ላይ መዳፏን ታሳርፋለች። ምጡ ሲነሳ በሙሉ ክብደቷ ትገፋለች። ሲለቅሽ እጇን ታነሳለች። ከደቂቃዎች በኋላ ደግሞ ይመጣል፣ ደግሞ ትገፋለች። ይሄ ለሰዓታት ሊቀጥል ይችላል። በመሃል በረዶ በብርጭቆ ታቀብልሻለች፣ ሽንት ቤት ሂጂ ትልሻለች፣ ከአልጋ ውረጂና ትንሽ ተንጎራደጂ ትልሻለች፣ ትንፋሽሽ ሲዘበራረቅ ዓይን ዓይንሽን እያየች አብራሽ ትተነፍሳለች።

አብዛኞቹ ከመውለድሽ በፊት ሁለት ሦስት ጊዜ ያገኙሻል። ከ38ኛው ሳምንት ገደማ ጀምሮ ሌሊትም ቢሆን ስልካቸውን ክፍት አድርገው ይጠብቁሻል። ከወለድሽ በኋላም አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ቤት መጥተው ያዩሻል።

ከሚድዋይፍ በምን ትለያለች?

ሚድዋይፍ የሕክምና ባለሙያ ናት። ትመረምርሻለች፣ መድኃኒት ታዛለች፣ ታዋልድሻለች፣ ለአንቺም ለልጁም ኃላፊነት አለባት። ዱላ ከዚህ አንዱንም አታደርግም። ስለዚህ አንዷ የሌላዋን ቦታ አትተካም፤ ሚድዋይፍ ይዘሽ ዱላም ልትጨምሪ ትችያለሽ።

«ቤቴ ልውለድ፣ ዱላ ብቻ ትበቃኛለች» የሚል ሐሳብ የሚመጣባቸው አሉ። አትበቃም። ደም ቢፈስሽ ወይም ልጁ ሲወለድ አልተነፍስ ቢል ምንም የምታደርግበት መሣሪያም ሥልጠናም የላትም።

ጥናት አለው ወይስ የፈረንጅ ፋሽን ነው?

ፋሽን አይደለም። አገር ቤት ምጥ የያዛት ሴት ብቻዋን አትተውም ነበር። ጎረቤት ይሰበሰባል፣ አንዷ ከኋላ ደግፋ ትይዛታለች፣ ሌላዋ ወገቧን ታሻለች፣ የቀሩት «ማርያም ማርያም» ይላሉ። ወሊድ ወደ ሆስፒታል ሲገባ ሐኪምና መሣሪያ ተገኘ፣ እነዚያ ሴቶች ግን ከበር ውጭ ቀሩ። ዱላ የምትገባው በዚያ ክፍተት ነው።

ቁጥር ለምትፈልግ፣ ጆን ኬኔልና ማርሻል ክላውስ የሚባሉ የሕፃናት ሐኪሞች ከባልደረቦቻቸው ጋር ጓቲማላ ውስጥ ያደረጉት ጥናት በ1980 ታትሟል። ያለ ችግር ከወለዱት መካከል አጠገባቸው አጋዥ ሴት የነበረችላቸው በአማካይ 9 ሰዓት ገደማ አማጡ። ብቻቸውን የነበሩት ደግሞ 19 ሰዓት ገደማ። ይሄን ቁጥር ብቻ ጠቅሳ ደንበኛ የምትስብ ዱላ ካጋጠመችሽ ጥንቃቄ አድርጊ። እዚያ ሆስፒታል የነበሩት ሌሎቹ እናቶች ከጎናቸው ባልም እናትም አልነበራቸውም። ያንቺ ሁኔታ ምናልባት እንደዚያ ላይሆን ይችላል።

ሚዛናዊው ማስረጃ ኮክሬን የሚባለው ዓለም አቀፍ የጥናት ገምጋሚ ተቋም በ2017 ያወጣው ነው። በ17 አገሮች የተደረጉ፣ ከ15,000 በላይ ሴቶች የተካፈሉባቸውን ጥናቶች አንድ ላይ አይቷል። ከምጥ መጀመሪያ እስከ መጨረሻ የማይለይ አጋዥ ያላቸው ሴቶች በኦፕሬሽን የመውለዳቸው ዕድል በሩብ ያህል ቀንሷል። ምጡ በአማካይ 40 ደቂቃ ገደማ አጥሯል። ከሁሉም ደግሞ ስለ ወሊዳቸው መጥፎ ትዝታ የያዙት ያነሱ ናቸው። በኦፕሬሽኑ ላይ ልዩነቱ ጎላ ብሎ የታየው አጋዧ የሆስፒታሉ ሠራተኛም ዘመድም ሳትሆን፣ ለዚሁ ብላ የመጣች ስትሆን ነው። አሜሪካ ውስጥ ከሦስት ወላዶች አንዷ ገደማ በኦፕሬሽን እንደምትወልድ ካሰብሽ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። ያም ሆኖ ዋስትና አይደለም። «እኔ ካለሁ ኦፕሬሽን የለም» የምትልሽን አትቅጠሪያት።

ባለቤቴ አብሮኝ ይገባል። ዱላ ምን ትጨምርልኛለች?

አባቶቻችን ደጅ ሆነው ነበር የሚጠብቁት። የዛሬዎቹ ባሎች አብረው ይገባሉ፣ ደስ ይላል፣ ግን ማንም አላስተማራቸውም። ብዙዎቹ የሚያደርጉት ይጠፋቸውና የልብ ምት በሚያሳየው ማሽን ላይ አፍጥጠው ያድራሉ። ቁጥሩ ዝቅ ሲል ይደነግጣሉ፣ ከፍ ሲል ይደነግጣሉ። ጥሩ ዱላ ባልን አትገፋም። እጁን ይዛ የት እንደሚጫን ታሳየዋለች፣ ይሄ ጤነኛ ነው፣ አትጨነቅ ትለዋለች፣ እሱ ሄዶ እህል እስኪቀምስ እሷ ትቆያለች።

አንድ የማይካድ ነገር ግን አለ። ባለቤትሽ የረጋ ሰው ከሆነ፣ ከአንቺ ጋር የወሊድ ትምህርቱን ከተከታተለ፣ ወይም አጠገብሽ የምትሆን የወለደች እህት ካለችሽ ያለ ዱላም ጥሩ ድጋፍ አለሽ። በተቃራኒው ብቻሽን የምታሳድጊ ከሆነ፣ ባለቤትሽ የረጅም ርቀት ትራክ ሹፌር ሆኖ ምጡ ሲመጣ ቴክሳስ ላይ ሊሆን የሚችል ከሆነ፣ ወይም ትልቁን ልጅ የሚይዝላችሁ ሰው ጠፍቶ ባልሽ ቤት የሚቀር ከሆነ፣ እኔ ሳላንገራግር ቅጠሪ እላለሁ።

እናቴን ከአገር ቤት ባስመጣ አይሻልም?

ቪዛው ከተሳካ አስመጪያት። ገንፎውን፣ አጥሚቱን፣ ሕፃን ማጠቡን፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ የሚጎርፈውን እንግዳ ማስተናገዱን ማንም ዱላ እንደ እናት አያደርገውም። ችግሩ ቪዛው ነው። የጎብኚ ቪዛ ቀጠሮው ሊርቅ ይችላል፣ መከልከልም አለ። ስለዚህ ዕቅድሽን ሙሉ በሙሉ በእናትሽ መምጣት ላይ አታንጠልጥይው።

ደግሞም ስንቶቻችን በግልጽ አናወራውም እንጂ፣ ብዙ እናት ልጇ ስታምጥ ቆማ ማየት አትችልም። ታለቅሳለች፣ ትጸልያለች፣ «ኧረ ሐኪም ጥሩ!» ትላለች፣ አንቺ አማጪም አጽናኚም ትሆኛለሽ። እንግሊዝኛው ካልገባት ደግሞ ክፍሉ ውስጥ የሚሆነው ሁሉ ያስፈራታል። አቅም ላላት፣ ዱላ ለምጡ፣ እናት ለአራስነቱ ቢሆን ጥሩ ክፍፍል ነው።

ስንት ታስከፍላለች?

እንደ ከተማውና እንደ ልምዷ ይለያያል። ከጥቂት መቶ ዶላር ጀምሮ ከ2,000 በላይ የሚጠይቁ አሉ። ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ዋጋው ወደ ላይኛው ነው። ብዙውን ጊዜ ክፍያው ጥቅል ነው፤ ምጡ 5 ሰዓትም ይፍጅ 30 ሰዓት አይለወጥም።

ሥልጠና ጨርሰው የምስክር ወረቀት ለማግኘት የተወሰነ ወሊድ ላይ መገኘት ያለባቸው ጀማሪዎች በትንሽ ክፍያ ወይም በነፃ ይሠራሉ። ጀማሪ ስለሆነች አትናቂያት። የዚህ ሥራ ትልቁ ክፍል አለመሄድ ነው። አንዳንድ ሆስፒታሎችም በጎ ፈቃደኛ ዱላዎች አሏቸው፣ ጠይቂ።

ሜዲኬይድ ይከፍልልኛል?

ሜዲኬይድ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ሰዎች መንግሥት የሚሰጠው የጤና ኢንሹራንስ ነው። በብዙ ስቴቶች አዎ፣ ይከፍላል፣ እና ሰዎቻችን ሳያውቁት የሚያልፋቸው ይሄ ነው። ሚኒሶታ በ2014 ጀመረች። ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ዲሲ በ2022፣ ካሊፎርኒያ በ2023 ተከተሉ። በሜሪላንድ ለምሳሌ ሽፋኑ ከወሊድ በፊትና በኋላ በድምሩ እስከ 8 ጉብኝት፣ በተጨማሪም በምጡ ጊዜ መገኘትን ይይዛል። ከኪስሽ አትከፍይም።

መጠንቀቅ ያለብሽ አንድ ነገር አለ። ዱላዋ በሜዲኬይድ የተመዘገበች መሆን አለባት። ጓደኛሽ ያመሰገነቻትን ቀጥረሽ በኋላ ደረሰኝ ብትልኪ ገንዘቡ አይመለስልሽም። መጀመሪያ በካርድሽ ጀርባ ወዳለው ቁጥር ደውይና «የተመዘገቡ ዱላዎች ዝርዝር ላኩልኝ» በይ። አማርኛ አስተርጓሚ ከጠየቅሽ ያገናኙሻል።

ወረቀት የለኝም ብለሽ ሳትጠይቂ አትቅሪ። ቨርጂኒያ ከ2021፣ ሜሪላንድ ከ2023 ጀምሮ የመኖሪያ ፈቃድ ሳይጠይቁ ለነፍሰ ጡሮች ሽፋን ከፍተዋል። ደንቡ ስለሚለዋወጥ የዛሬውን ሁኔታ ለስደተኞች ከሚያማክር ድርጅት አጣሪ። የግል ኢንሹራንስ ያላት ደግሞ የመሥሪያ ቤቷን የሰው ኃይል ክፍል ትጠይቅ፤ ትልልቅ ቀጣሪዎች የተወሰነ ገንዘብ የሚመልሱበት ጥቅም አላቸው።

መቼ ልፈልግ? ስናወራስ ምን ልጠይቃት?

ከአምስተኛው እስከ ሰባተኛው ወር ባለው ጊዜ ብትጀምሪ አይረፍድብሽም። ቢያንስ ሁለት ሰው አነጋግሪ። የመጀመሪያው ውይይት ብዙ ጊዜ ነፃ ነው።

ስንት ወሊድ ላይ ተገኝተሻል በያት። በወር ስንት ደንበኛ ትይዣለሽ? እኔና ሌላዋ በአንድ ሌሊት ብንያዝስ ማንን ትልኪልኛለሽ? ይሄ የመጨረሻው ጥያቄ ወሳኝ ነው፤ ተተኪዋን በስም ካላወቀች ገና አልተዘጋጀችም። ቤት ትመጫለሽ ወይስ ሆስፒታል ነው የምንገናኘው? ኦፕሬሽን ከሆነ ገንዘቡ እንዴት ነው? ሁሉንም በወረቀት አድርጉት።

የምስክር ወረቀት ብትጠይቂ ነውር የለውም፣ ግን አሜሪካ ውስጥ ዱላ ለመሆን እንደ ነርስ ፈቃድ ግዴታ አይደለም። ከታወቁት አሠልጣኞች አንዱ በ1992 የተመሠረተው ዶና ኢንተርናሽናል ነው። እኔ ከወረቀቱ ይልቅ ስታወሪ ማዳመጧን አይ ነበር። ግማሹን ሰዓት ስለ ራሷ ካወራች ምጥ ላይም አትለወጥም።

ኢፒዱራል ከወሰድኩ ገንዘቤን አባከንኩ ማለት ነው?

አይደለም። ኢፒዱራል (ወገብ ላይ የሚሰጠው የምጥ ማደንዘዣ) ሕመሙን ይወስዳል፣ ፍርሃቱን አይወስድም። ተኝተሽ እግርሽን ማንቀሳቀስ ሲያቅትሽ ከጎን ወደ ጎን የሚያዞርሽ፣ ልጁ እንዲወርድ በጉልበቶችሽ መሃል ትራስ ወይም ለዚሁ የተሠራ ኳስ የሚያደርግልሽ ሰው ይጠቅማል። ነርሷ ብዙ ጊዜ ሌላ ወላድም አለባት፣ ፈረቃዋም ያልቃል። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነርሶቹ ሲቀያየሩ የማትቀየረው ዱላዋ ናት።

ኢፒዱራል መውሰድሽን እንደ ሽንፈት የምታይ ዱላ ካለች እሷ ለአንቺ አልተፈጠረችም።

በኦፕሬሽን ከሆነስ?

ብዙ ሆስፒታሎች ኦፕሬሽን ክፍል አንድ ሰው ብቻ ያስገባሉ፣ እሱም አብዛኛውን ጊዜ ባልሽ ይሆናል። አንዳንዶቹ ሁለት ይፈቅዳሉ፤ አስቀድመሽ ጠይቂ። ባይፈቀድም ዱላዋ ከክፍሉ ስትወጪ ትጠብቅሻለች፣ ጡት ማጥባቱን ታስጀምርሻለች። ቀኑ የተቆረጠ ኦፕሬሽን ያላት ሴት ግን ገንዘቡን ለአራስነት እርዳታ ብታውለው ይሻላታል ባይ ነኝ።

እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው። አማርኛ ተናጋሪ ዱላ ታስተረጉምልኛለች?

በዕለት ተዕለቱ ነገር ትረዳሻለች፤ የሕክምናውን ትርጉም ግን በእሷ ላይ አትጣዪው። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ሁሉ፣ ማለትም ሁሉም ማለት ይቻላል፣ ብቁ አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት። በስልክ ወይም በቪዲዮ ይሆናል። «አማርኛ አስተርጓሚ» ማለት ብቻ በቂ ነው። ኦፕሬሽን ፈርሚ ስትባዪ፣ የመድኃኒት አለርጂ ሲጠይቁሽ አስተርጓሚ ይጠራ። ዱላዋ አንድ ቃል ብትስት ኃላፊነቱን የሚወስድ የለም።

ከቋንቋው ይልቅ የምንጎዳበት ዝምታችን ነው። ነርሷ ገብታ «ሕመምሽ ከዜሮ እስከ አሥር ስንት ነው?» ትላለች። የእኛ ሴት ጥርሷን ነክሳ፣ አንሶላውን ጨምድዳ ይዛ፣ «ደህና ነኝ» ትላለች። ነርሷ ሦስት ብላ ጽፋ ትወጣለች። እዚህ አገር ደግሞ የሚታመነው የተጻፈው ነው። እኛን የምታውቅ ዱላ ጨምድዶ የያዘውን እጅ ታያለች። «እውነቱን ንገሪያት፣ ስምንት ነው አይደል?» ትልሻለች።

አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር። ምጥ በስንት ሰዓት እንደጀመረሽ ስትናገሪ በአሜሪካ ሰዓት ተናገሪ። «ስምንት ሰዓት» ብለሽ ሁለት ሰዓት ለማለት ከሆነ መዝገቡ ላይ የስድስት ሰዓት ስህተት ይገባል።

ሐበሻ ዱላ ብቀጥር ወሬዬ አይወጣም?

ይሄ ጥያቄ ሁልጊዜ በሹክሹክታ ነው የሚመጣው፣ ግን ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ዲሲ አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ውስጥ ሁሉም ሰው በቤተ ክርስቲያን፣ በመስጊድ ወይም በዕድር በኩል ይተዋወቃል። በፊት ፅንስ ወርዶብሽ ይሆናል፣ ከባልሽ ጋር ተጣልታችሁ ይሆናል፣ ደምሽ ተመርምሮ የምትደብቂው ነገር ይኖራል። ሐኪሙን የሚያስረው የምስጢር ሕግ የግል ዱላን ብዙ ጊዜ አይይዛትም። ስለዚህ ምስጢር መጠበቅን ውሉ ውስጥ አስገቢ፣ ፎቶ ያለፈቃድ አይለጠፍም የሚለውንም ጨምሪ።

መለኪያው ቀላል ነው። ስታነጋግሪያት የሌላ ደንበኛዋን ታሪክ ማንነቷ እስኪታወቅ ድረስ ከነገረችሽ፣ ነገ ያንቺም ይነገራል። ይሄ የሚያስጨንቅሽ ከሆነ ከሌላ አገር የመጣች፣ አፍሪካዊት ወይም አሜሪካዊት ዱላ መያዝ ምንም ችግር የለውም። የወገብ መግፋት ቋንቋ አይፈልግም። ባህሉን አስረጃት፦ ገንፎ እንደሚመጣ፣ ጸሎት እንደሚደረግ፣ ሙስሊም ከሆንሽ ለልጁ ጆሮ አዛን እንደሚባል። ጥሩዎቹ ይጽፉታል።

ዱላዋና ሐኪሜ ባይስማሙስ?

ዱላ ከሐኪም ጋር መከራከር ሥራዋ አይደለም። አንቺን ወክላ እሺም እምቢም አትልም። ሥራዋ አንቺ እንድትጠይቂ ማድረግ ነው። ለምን አስፈለገ? ጉዳቱ ምንድን ነው? ሌላ አማራጭ አለ? ትንሽ ብንጠብቅስ? እነዚህን ጠይቀሽ «እኔና ባለቤቴ አምስት ደቂቃ ስጡን» ማለት መብትሽ ነው፤ አስቸኳይ ካልሆነ ማንም አይከለክልሽም። የአሜሪካ የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ኮሌጅ ራሱ በ2014 ባወጣው ሰነድ ያልተቋረጠ ድጋፍን የወሊድ ውጤት ከሚያሻሽሉ ውጤታማ መንገዶች መካከል አድርጎታል። ስለዚህ ዱላ መያዝሽን ለሐኪምሽ አስቀድመሽ ንገሪው፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

«ሐኪሙን አትስሚ፣ እኔን ስሚ» የምትል ዱላ አደገኛ ናት። ምጥ ያፋጥናል ብላ ቅጠል የምታፈላም እንደዚያው። ለምሳሌ ጤና አዳም በብዛት ሲወሰድ ለነፍሰ ጡር ጎጂ ነው።

በልጅነቴ ተገርዣለሁ። ለዱላዋ ልንገራት?

ከዱላዋ በፊት ለሐኪምሽ ወይም ለሚድዋይፍሽ ንገሪ። ያውም በእርግዝናሽ መጀመሪያ፣ ምጥ ላይ ሳይሆን። እዚህ አገር ብዙ ሐኪም አይቶት አያውቅም፣ ምጥ ላይ ሲያየው ይደነግጣል፣ ድንጋጤውም ፊቱ ላይ ይነበባል። ሁሉም ግርዛት አንድ አይደለም። የተሰፋ ከሆነ፣ በተለይ በሶማሌ፣ በአፋርና በሐረሪ አካባቢ የሚታወቀው ዓይነት፣ ከወሊድ በፊት ወይም በምጡ ጊዜ የሚከፈት ሊሆን ይችላል። ያ የሚታቀድ ነገር ነው። ከወለድሽ በኋላ መልሶ መስፋትን የዓለም ጤና ድርጅት ይቃወመዋል።

ለዱላዋ መንገር ያንቺ ምርጫ ነው። ካመንሻት ይጠቅማል፤ ምርመራ ሲኖር ሳይነግሩሽ እንዳይነኩሽ፣ ተማሪዎች እንዳይገቡ እንድትጠይቂ ታስታውስሻለች። ተማሪ አልፈልግም ማለት ትችያለሽ።

ጥቁር እናቶች እዚህ አገር በብዛት ይሞታሉ ይባላል። ዱላ ከዚህ ታድነኛለች?

የአሜሪካ የጤና መረጃ እንደሚያሳየው ጥቁር ሴቶች ከወሊድ ጋር በተያያዘ የሚሞቱት ከነጮቹ በሦስት እጥፍ ገደማ ነው። ዱላ ይሄን ብቻዋን አትለውጠውም። አንድ ነገር ግን ትችላለች። አንቺ «ደህና አይደለሁም» ስትይ ነርሷ ቸል ብላ ካለፈች ዱላዋ ሰምታለች፣ እንድትደግሚውም ታበረታታሻለች።

ይሄን ግን አትርሺ። ብዙ ደም ከፈሰሰሽ፣ የማይለቅ ራስ ምታት ከዓይን ብዥታ ጋር ከመጣብሽ፣ የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰ፣ ደረትሽን ካመመሽ ወይም ትንፋሽ ካጠረሽ የምትደውይው ለዱላ አይደለም። ለሆስፒታሉ ወይም ለ911 ነው። ከወለድሽ ሳምንታት በኋላም ቢሆን እንደዚያው። ሆድ ሲብስሽ፣ እንቅልፍ ሲጠፋ፣ ልጅሽን ማየት ሲያስጠላሽ ደግሞ የእናቶች የአእምሮ ጤና መስመር አለ፦ 1-833-852-6262። ነፃ ነው፣ ሌሊትም ይሠራል፣ አስተርጓሚ ጠይቂ።

ሁለተኛ ልጄ ነው፣ ገንዘቤም ውስን ነው። ለምጥ ልክፈል ወይስ ለአራስነት?

የመጀመሪያው ወሊድሽ ቀና ከነበረና አጠገብሽ ሰው ካለ ለአራስነቱ ክፈይ። ሁለተኛ ምጥ አብዛኛውን ጊዜ ይፈጥናል፤ አንዳንዴ ዱላዋ መኪና አቁማ እስክትገባ ልጁ ተወልዷል። ከወሊድ በኋላ የምትመጣ ዱላ የምትከፈለው በሰዓት ነው። ሕፃኑን ትይዝልሻለች፣ አንቺ ትተኛለሽ፣ ቀለል ያለ ምግብ ትሠራለች፣ ትልቁን ልጅ ታጫውታለች። እኛ ዘንድ አራስ ወገቧ እስኪጠና አትነሳም ይባላል፤ እዚህ ግን በሁለተኛው ሳምንት ወደ ሥራ የሚመለሱ አሉ።

የመጀመሪያው ወሊድሽ ያስፈራሽ፣ የተሰነጠቅሽበት ወይም ሳይነግሩሽ የተደረገብሽ ነገር ያለበት ከሆነ ግን መልሴ ይለወጣል። ለምጡ ክፈይ። በኦፕሬሽን ወልደሽ አሁን በምጥ መሞከር የምትፈልጊም እንደዚያው።

እህቴ አዲስ አበባ ነው የምትወልደው። እሷስ?

እዚያ ዱላ የሚባል ሥራ ገና ብዙም አይታወቅም። የእሷ ጥያቄ «ማንን ልቅጠር» ሳይሆን «ሰው ያስገቡልኛል ወይ» ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 ባወጣው መመሪያ ወላዷ የመረጠችው ሰው ምጥ ላይ አብሯት እንዲሆን ይመክራል፤ አሠራሩ ግን ከሆስፒታል ሆስፒታል ይለያያል። በክትትሏ ጊዜ አዋላጅ ነርሷን አስቀድማ ትጠይቅ። ከተፈቀደ የወለደች፣ የማትደነግጥ፣ የማታወራ ዘመድ ትምረጥ።

ምጥ ላይ ሆኜ ዱላዋን ብጠላትስ?

ይፈጠራል። ቡና ላይ ስታወሩ የተመቸችሽ ሴት ምጥ ላይ ድምጿ ራሱ ሊያናድድሽ ይችላል። «ዝም በይልኝ» ማለት ትችያለሽ፤ የለመደችው ነው፣ አትቀየምም። «እጅሽን አንሺ»፣ «ጥግ ሄደሽ ተቀመጪ» ማለትም እንደዚሁ።

ጭራሽ ክፍሉ ውስጥ ካልፈለግሻት ይሉኝታ አይያዝሽ። ራስሽ ማለት ካቃተሽ ለነርሷ በጆሮዋ ንገሪያት። ክፍሉ ያንቺ ነው፤ ነርሷ «ምርመራ አለን» ብላ በትሕትና ታስወጣልሻለች። የገንዘቡ ነገር እንደ ውላችሁ ነው፣ ለዚያ ነው መጀመሪያ በወረቀት አድርጉት ያልኩት።